«ወገቤን» ስትል የት ጋር ነው?

ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ ቅርጫ ከትልልቆቹ መሃል ተሹለክልኬ የምገባው አጎቴን ለማየት ነበር። አጎቴ የሰፈሩ ብልት አውጪ ነው። በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ኮባ ቅጠል ሲነጠፍ እጅጌውን ይሰበስብና ይጀምራል። ቢላው ትንሽ ናት። እሱ እጅ ላይ ግን ሥጋው ራሱ መንገዱን የሚያሳያት ይመስል ነበር። አንዱን ብልት ባወጣ ቁጥር ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሻኛ። ፍሪምባ። ዳቢት። ጎድን። ታላቅ። ታናሽ። ንብራ። እኛ ልጆች ተከትለን እንደግመዋለን።

ከሁሉም የምወደው ሽንጡን ሲያወጣ ነው። ቢላውን ከአከርካሪው ጥግ ያስገባና ወደ ታች ይስባታል። ረጅሙ ሥጋ ከአጥንቱ ቀስ እያለ ይላቀቃል። ሽንጡ ከተነሳ በኋላም ግን አከርካሪው ባዶ አይሆንም። በአጥንትና በአጥንት መሃል፣ ጥጋጥጉ ውስጥ፣ ትንንሽ ቀያይ ሥጋዎች ተሰክተው ይቀራሉ። አንድ ዓመት ጣቴን ቀስሬ «ይሄስ ምን ይባላል?» አልኩት።

«እሱ ስም የለውም» አለኝ። «ከአጥንቱ ጋር ለቅቅል ይሄዳል።»

ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሥራ ቀኔ ብዙው የሚያልፈው የሰው ጀርባ ላይ ነው። እናም ያ ስም የሌለው ሥጋ በየቀኑ ትዝ ይለኛል።

ታማሚ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ «ወገቤን» ይላል። «የት ጋር ነው?» ስለው መዳፉን ዘርግቶ ከጎድኑ ግርጌ እስከ ዳሌው ያብሰዋል። አልፈርድበትም። ቋንቋችን የሰጠው ያንን ነው። ማጅራት አለን። ጫንቃ፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ወገብ፣ ጎን አለን። ሽንጥም ለሰው ሲሆን የቁመና ማሞገሻ ነው። ሁሉም የቦታ ስሞች ናቸው። ከቆዳው ሥር ማን እንዳለ አይነግሩንም። በሬውን በዝርዝር እናውቀዋለን፤ ራሳችንን በጅምላ።

ስም በሌለበት ቦታ ደግሞ የመጣ ስም ይገባል። አሁን ሁሉም ሰው «ዲስክ አለብህ ተባልኩ» እያለ ነው የሚመጣው። ዲስክ ሁላችንም አለን። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሃል ያሉ ትራሶች ናቸው፤ 23 ናቸው፣ ከተወለድን ጀምሮ። ሰውየው ግን አዲስ በሽታ ውስጡ የበቀለ ያህል ፈርቶ ነው የሚቀመጠው። ፍርሃቱ ከሕመሙ በላይ ሲያጎብጠው አያለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ከቆዳው ሥር ያለውን እንደ አጎቴ አንድ በአንድ ላውጣው።

የአናቶሚ ክፍል ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው በሆዱ ተኝቶ ነበር። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የተነከረበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል። ማን እንደነበር አናውቅም። ማንም ይሁን፣ ከእሱ የተማርኩትን ከማንም አልተማርኩም። እኛ መጀመሪያ የከፈትነው ጀርባውን ነው። ቆዳው ሲገለጥ ትራፒዚየስ ወጣ። ከራስ ቅል ግርጌ ተነስቶ በሁለቱም ትከሻ ላይ ይዘረጋና ጀርባ መሃል ላይ ሹል ሆኖ ያልቃል። ነጠላ ጫንቃ ላይ ጣል የተደረገ ይመስላል። ከሥሩ ላቲሲመስ የሚባለው አለ። ከወገብ ተነስቶ ብብት ሥር ያልፍና ክንድ ላይ ይታሰራል። ስፖርት የሚሠራ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የሚያሳየው እሱን ነው።

መምህራችን ሁለቱንም በመቆንጠጫ ከፍ አድርጎ ያዘና «እነዚህ የጀርባ አይደሉም» አለን። «ጀርባ ላይ የተቀመጡ የእጅ ሠራተኞች ናቸው።»

ያኔ አልገባኝም። በኋላ እስክስታ ሳይ ገባኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲወረወር፣ ሲመለስ የምናየው የእነዚያን የላይኞቹን ሥራ ነው። መሃል ላይ ግን አከርካሪው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያንን ያቆሙት ሌሎች ናቸው። የጭፈራው ግማሽ የማይታይ ነው።

ማን የማን እንደሆነ የሚለየው ነርቩ ነው። ከኅብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ እንደወጣ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ቅርንጫፍ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እጅን፣ እግርን፣ ደረትን፣ ሆድን ያዛል። ትንሹ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እሱ የሚያዘው ጥልቆቹን የጀርባ ጡንቻዎችና በላያቸው ያለውን ቆዳ ነው። ላቲሲመስ ጀርባ ላይ ተዘርግቶ ትእዛዝ የሚቀበለው ከፊተኛው ቅርንጫፍ ነው። ትራፒዚየስ ጭራሽ ከ11ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው የሚታዘዘው። እውነተኞቹ የጀርባ ልጆች የኋለኛውን ቅርንጫፍ የሚሰሙት ናቸው።

ይህ መለያየት የት እንደጀመረ ማየት የፈለገ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ጥብስ ቆሮሶ ይዘዝ። ቆዳውን ገለጥ ሲያደርግ ሥጋው በንብርብር ቅጠል ቅጠል እያለ ይነሳል። እያንዳንዱ ቅጠል ከአንድ አከርካሪ ጋር የተሰለፈ ጡንቻ ነው። በጎኑ መሃል ደግሞ ከራሱ እስከ ጭራው የሚሄድ መስመር አለ። ሥጋውን ላይና ታች ብሎ ይከፍለዋል። የሰው ፅንስም በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ ጀርባው ላይ እንዲህ ያለ ተራ ይሠራል፤ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ጉብታዎች። ከእነሱ የሚወጣው ጡንቻ ቆየት ብሎ እንደ ዓሣው ላይና ታች ይሆናል። የታችኛው ወደ ፊት ዞሮ ሆድና ደረት ይሠራል፤ እጅና እግርም ከዚያው ወገን ነው። የላይኛው እዚያው ከአከርካሪው ጋር ይቀራል። ዓሣው በዋና የሚወዛወዝበት ሥጋና እኛ ቀጥ ብለን የምንቆምበት ሥጋ ዘመድ ናቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዓሣ ስበላ ያቺን መስመር ሳልፈልግ አልጀምርም።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የእጅ ሠራተኞቹ ከተነሱ በኋላ ወገብ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ሸማ የመሰለ ነገር ወጣ። ጡንቻ አይደለም። ጡንቻዎቹን አቅፎ የሚይዝ ጥቅል ነው። በጎን በኩል ከሆድ ጥልቅ ጡንቻ ጋር ይያያዛል። ሆድ ሲጠብቅ እሱም ይወጠራል፣ ወገብም ይታሰራል። ሳየው ወዲያው የመጣብኝ የእማዬ መቀነት ነው። እማዬ ወገቧን ሳታስር ሥራ አትጀምርም። «ካልታሰርኩ ጉልበቴ ይበተናል» ትላለች። ከውስጥም ሌላ መቀነት እንዳላት አታውቅም ነበር።

ሸማው ሲሰነጠቅ ሁለቱ ዋልታዎች ወጡ። ቀጭን ሰው ጀርባውን ሲያዞር መሃል ላይ ቦይ ይታያል። ቦዩ የሚሠራው በግራና በቀኝ ባሉት በእነዚህ ነው። ከዳሌ ላይ በአንድ ወፍራም ጅማት ይነሱና ወደ ላይ ሲወጡ ሦስት ሦስት ይሆናሉ። የውጪኛው ኢሊዮኮስታሊስ፣ የመሃሉ ሎንጊሲመስ፣ ለአጥንቱ የቀረበው ስፓይናሊስ። ሦስቱ በጋራ ኢሬክተር ስፓይኔ ይባላሉ።

ተማሪ ሆኜ እነዚህን ስሞች እንደ ጸሎት ሸምድጃቸዋለሁ። ላቲን ስለሆኑ ምስጢር ያላቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ትርጉማቸውን ፈለግኩ። ኢሬክተር ስፓይኔ ማለት «አከርካሪ አቃኚ» ነው። ሎንጊሲመስ «እጅግ ረጅሙ» ነው። እውነትም ረጅም ነው፤ ጫፉ ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ድረስ ይደርሳል። ኢሊዮኮስታሊስ «ከዳሌ ወደ ጎድን» ነው። በቃ። ስም ያወጡላቸው ሰዎች ያደረጉት አጎቴ የሚያደርገውን ነው። አዩ፣ ነኩ፣ እንደሚመስላቸው ጠሩ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ላቲን የሚናገር ሰው ሆድ ውስጥ ያለ እውቀት ሳይሆን ማንም ዓይን ያለው የሚያወጣው ስም ነው።

ከአቃኚዎቹ ሥር ስንገባ አጎቴ «ለቅቅል» ያለው ቦታ ደረስን። እዚህ ረጅም ሥጋ የለም። አጫጭር ሰያፍ ጥቅሎች ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ሽሩባ የተደረቡ። እያንዳንዱ ከታች ካለ አከርካሪ ጎን ይነሳና ከላይ ወዳለው አከርካሪ እሾህ ይወጣል። ከ4 እስከ 6 አጥንት የሚዘሉት ሴሚስፓይናሊስ ናቸው። ከ2 እስከ 4 የሚዘሉት መልቲፊደስ። 1 ወይም 2 ብቻ የሚሻገሩት ሮታቶሬስ። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ርዝመታቸው ያጥራል። ከሁሉም ሥር አንዱን አጥንት ከጎረቤቱ ብቻ የሚያያይዙ ክር የሚያካክሉ አሉ። መቆንጠጫዬ ሲነካቸው ይበጠሱ ነበር።

መልቲፊደስ «ብዙ ቦታ የተሰነጠቀ» ማለት ነው። ከዳሌ መሃል ካለው አጥንት ጀምሮ እስከ አንገት 2ኛ አጥንት ይዘልቃል። የሚወፍረው ግን ወገብ ላይ ነው። እዚያ ለአከርካሪው ከሁሉም የቀረበ ትልቁ ጡንቻ እሱ ነው። ሥራው ሸክም ማንሳት አይደለም፤ ለዚያ ረጅሞቹ አሉ። እሱ የሚያደርገው አጥንቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይንሸራተቱ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ይህ ያዝ ማድረግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ጡንቻው ሁሉ ተነስቶለት አጥንቱ፣ ዲስኩና ጅማቱ ብቻ የቀረ የወገብ አከርካሪ ላይ ከላይ ክብደት ጫኑበት። 9 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ታጠፈ። 9 ኪሎ።

እማዬ የተወለደችው ወንዝ ወርዶ ውሃ መቅዳት የሴት ልጅ ሥራ በሆነበት ገጠር ነው። በእንስራ ጀመረች። እኔ ሳውቃት ቢጫ ጀሪካን ነበር የምታዝለው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ገመዱን ደረቷ ላይ አሻግራ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ዳገቱን ትወጣለች። አራት ልጅ አዝላለች። እንጦጦ መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሳይ ያ 9 ኪሎ ይመጣብኛል። ከአጥንታቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሸክም ነው የተሸከሙት። ልዩነቱን የሞላው ያ ሰያፍ ሽሩባ፣ ከላዩ ያሉት ዋልታዎችና የውስጡ መቀነት ናቸው።

እማዬ የተጎዳችው ግን ዳገት ላይ አይደለም። ማጀት ውስጥ ነው። የሊጥ ቡሃቃ ልታነሳ ጎንበስ ስትል «ቀጭ አለኝ» አለች። ከዚያ መቃናት አቃታት። ወጌሻ ቤት ወሰድናት፤ በቅቤ አሻት፣ ለሁለት ቀን ቀለል አላት። ቀጥሎ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። «ጠንካራ መሬት ላይ ተኚ፣ አንድ ወር ምንም እንዳትነኪ» ተባለች። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ፍራሿን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ።

ወር ሙሉ ተኛች። ሕመሙ ሄደ። ተነስታ ቡና አፈላች፣ እግዜርን አመሰገነች። በአምስተኛው ወር ጫማዋን ልታደርግ ስትታጠፍ ተመለሰባት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንዲሁ ሄደ። ይመጣል፣ ትተኛለች፣ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ያ ፍራሽ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ ጥናት ወጥቶ ነበር። ድንገተኛ የወገብ ሕመም የያዛቸው 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ለሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ። ሁለተኞቹ የተለየ የጀርባ እንቅስቃሴ ተሰጣቸው። ሦስተኞቹ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የቀን ሥራቸውን ቀጠሉ። ቶሎ የዳኑት ሦስተኞቹ ናቸው። የዘገዩት የተኙት። እነሱ የተኙት ሁለት ቀን ነው። እማዬ ወር ሙሉ።

ሌላውን መልስ ያገኘሁት ከአውስትራሊያ፣ ከኩዊንስላንድ ነው። ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 በአልትራሳውንድ መልቲፊደስን ለኩ። ወገቡን አንድ ጎን ያመመው ሰው ላይ፣ ባመመው ጎን፣ ባመመው ቦታ ጡንቻው ሟሽሾ አገኙት። የቀረው ጀርባ ደህና ነበር። በ1996 ደግሞ 39 ታማሚዎችን ተከታተሉ። ሕመሙ በ4 ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹን ለቀቃቸው። ጡንቻው ግን አብሮ አልተመለሰም። ሕመሙ ሄዶ በ10ኛው ሳምንት እንኳ በራሱ አላገገመም። ያገገመው ለእሱ ተብሎ የተለየ እንቅስቃሴ የሠሩት ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ እንቅስቃሴውን ከሠሩት 30 በመቶው፣ ካልሠሩት 84 በመቶው ሕመሙ ተመልሶባቸው ነበር። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። በኋላ የመጡ ሰፋፊ ጥናቶችም ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ከዚህ እንደማያንስ አሳይተዋል። ለታማሚዎቼ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። መሃሉን ግን ማንም አልወሰደብኝም፤ ሕመም መሄዱና ጡንቻ መመለሱ ሁለት ነገር ናቸው።

እማዬ ጫማዋን ልታደርግ ስትታጠፍ አሟት አልነበረም። ደህና ነበረች። ያ ቆንጥጦ የሚይዘው ሥጋ ግን ገና ከእንቅልፉ አልነቃም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ መታጠፍ አንድ ነገር ላክል፣ ምክንያቱም ከዚህ ሙያ በጣም ከሚገርሙኝ ነገሮች አንዱ ነው። ቆመህ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ጎንበስ በል። አቃኚዎቹ ጡንቻዎች መጀመሪያ ላይ በኃይል ይሠራሉ፤ ልክ ባልዲ በገመድ ወደ ጉድጓድ እንደሚያወርድ ሰው ሰውነትህን ይዘው ያወርዱታል። እስከ መጨረሻው ስትታጠፍ ግን ዝም ይላሉ። የኤሌክትሪክ ምልክታቸው ይጠፋል። ክብደትህ አሁን በጅማትና በዚያ ነጭ ሸማ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍሎይድ እና ሲልቨር የተባሉ እንግሊዛውያን ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መዝግበውታል። ወገቡን የሚያመው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ዝምታ አይመጣም። ጡንቻው ታች ድረስ ወርዶም አልለቅም ይላል። ማረፍ ተስኖታል።

ጤፍ አጫጅ አይታችሁ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ ነው የሚውለው። ግን ሙሉ በሙሉ አይንጠለጠልም፤ ግማሽ ታጥፎ፣ ማጭድ ይዞ፣ ወደ ፊት እየተራመደ። ለአቃኚዎቹ ከሁሉም የከበደው ያ መሃለኛው ነው። ማታ «ወገቤ ተቆረጠ» ሲል ቃሉ ትክክለኛ ነው። የአባቶቻችን መቋሚያም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው መቋሚያውን ብብቱ ሥር ሲያስገባ አከርካሪው ሁለተኛ ምሰሶ አገኘ ማለት ነው። የጀርባ ጥልቅ ጡንቻዎች አብዛኛው ክራቸው ቀስ ብሎ የሚሠራና ቶሎ የማይደክም ዓይነት ነው። ለመቆም የተሠሩ ናቸው። እነሱም ግን ደገፍ የሚያደርጋቸው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ማጅራትን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ራስ ቅልና የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መሃል በግራና በቀኝ አራት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። ጉልበት የላቸውም። ያላቸው ስሜት ነው። የጡንቻን ርዝመት የሚለኩ ረቂቅ መለኪያዎች እዚያ ታጭቀው ይገኛሉ። አሁን ሁለቱን አውራ ጣቶችህን ከራስ ቅልህ ግርጌ አስገባ። ዓይንህን ጨፍን። ራስህን ሳታንቀሳቅስ ዓይንህን ብቻ ግራ ቀኝ አድርገው። ጣትህ ሥር የሆነ ነገር ላመል ያህል ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል። ዓይን ሲያይ ማጅራት አብሮ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ላጎነበሰ ወጣት መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ደንግጠው ይስቃሉ።

እማዬን ጀርባዋን ያየሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጅ እናቱን እንዲህ መንካት የሚከብድ ነገር መስሎኝ ነበር። አልጋዋ ላይ በሆዷ አስተኛኋት። ቦዩን ተከትዬ በአውራ ጣቴ ወረድኩ። ላይኛው ደህና ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ የወጣበት ዋልታ አሁንም ጠንካራ ነው። ወገቧ ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ጣቴ ሰመጠ። በቀኝ ጎን ጎማ የሚመስለው ቦታ በግራ ሊጥ ነበር።

«እዚህ ጋር ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «አዎ። እዚያ ነው። እንዴት አወቅከው?» አለች።

በዚህ ሁሉ ዓመት ጣት ያሳረፈበት ሰው አልነበረም። ወገቧን ነው ብለው ሁሉም ወገቧን አከሙ።

እንቅስቃሴውን ሳስተምራት ቃል አጣሁ። «በአራት እግርሽ ሁኚ» ማለት ለእናት አይባልም። ከዚያ «እማዬ፣ ስግደት ላይ እንዳለሽ ሁኚ» አልኳት። ወዲያው ገባት። በጉልበቷና በመዳፏ ሆነች። ቀኝ እጇን ወደ ፊት፣ ግራ እግሯን ወደ ኋላ ዘረጋች። ተንቀጠቀጠች፤ ለሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይታ ወረደች። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በሁለቱም ጎን። ሌላው የእግር መንገድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ። ቡሃቃውን ከልጆቹ ጋር ሆና ታንሳ እንጂ አትተወው አልኳት።

አንዳንድ ወገብ ግን በዚህ አይታከምም፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር አልተኛም። ከወገብ ሕመም ጋር መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ እግር እየከዳ ከሄደ፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቆማ ራሷ እንድትነካው አሳየኋት። አውራ ጣቷን ግራ ወገቧ ላይ፣ ከአከርካሪው ጥግ አስገባሁላት። «አሁን ቀኝ እጅሽን ወደ ፊት አንሺ» አልኳት። አነሳች። ፊቷ ተለወጠ።

«ውይ! ተነፋ» አለች።

ደግማ አነሳች። ደግማ ነካችው። ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከራሷ ሥጋ ጋር ዛሬ ገና ነው የተዋወቀችው።

«ምን ይባላል?»

«መልቲፊደስ።»

«መልቲ...» አለችና ተወችው። «ሥራው ምንድን ነው?»

አጥንቶቹን አንዱን ከአንዱ ያስራል አልኳት። እንዳይንሸራተቱ በየመሃላቸው ይገባል፣ ሰያፍ ነው፣ ብዙ ነው። በልጅነቴ አጎቴ ስለ ቅቅሉ ሥጋ ያለኝንም ነገርኳት። እየሰማችኝ ጣቷን ከወገቧ አላነሳችም።

«ታዲያ ማገር ነው በለኛ» አለች። «አጥንቱ ምሰሶ፣ እሱ ማገር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክ ስንገናኝ የምትጠራው በዚያ ነው። የቀኙ ማገር ደህና ነው፣ የግራው ዛሬ ሰንፏል፣ ትናንት ደብር ደርሼ ስመለስ ማገሬ አልተሰማኝም ትለኛለች። እኔም ክሊኒክ ውስጥ ከእሷ ወስጄ መጠቀም ጀምሬያለሁ። አባባ የምላቸው አንድ አዛውንት ታማሚ ባለፈው ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ «ማገሬን እይልኝ» አሉኝ። መዳፋቸውን አልዘረጉም። በአንድ ጣት ነው ያሳዩኝ።

የፋሲካ ዋዜማ እማዬ ደወለች። ቅርጫው የት እንደሚሆን፣ ማን ማን እንደገባ ስታወራኝ ቆየችና ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ለአጎትህ ደውልለት» አለችኝ። «ለዚያ ለቅቅሉ ሥጋ ስም አገኘንለት በለው።»